የቢሮ ላፕቶፕና ጌም፦ ራም ልጨምር፣ ላስጸዳው ወይስ ልቀይረው?

ጎንደር ውስጥ ጌም የሚጫወት ልጅ እጅ ላይ የምታገኙት ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ለቢሮ የተሠራ ነው። ቲንክፓድ፣ ኢሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ጥቂት ዓመት ሠርቶበት ሲያስወግደው «ስላሽ» ተብሎ እኛ ጋ ይደርሳል። እቃው ጠንካራ ነው። ኪቦርዱ ይመቻል። ለአሳይመንትም ለመመረቂያ ጽሑፍም አያሳፍርም። ማታ ማራኪ ካምፓስ ዶርም ውስጥ የኳስ ጌሙ ፔስ ሲከፈትበት ግን ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ኳሷም መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።

ያን ጊዜ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ «ራም ጨምር» ይላል። አንዱ «ፎርማት አድርገው»። ሌላው «ኩሊንግ ፓድ ግዛለት»። አንዱ ደግሞ «ባክህ ሽጠውና ተገላገል» ይላል። እንደ ላፕቶፑ ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ መጀመሪያ ምንም የማያስወጣውን ምርመራ አድርጉ። ብር ካወጣችሁ ቅድሚያውን ለሁለተኛ ራም ስጡ፣ ከዚያ ለጽዳትና ፕሮሰሰሩ ላይ ለሚቀባው ቅባት፣ ለፔስት። ከሥር የሚቀመጠው ባለ ፋን ኩሊንግ ፓድ ይቆይ። ግራፊክሱ ራሱ ጌሙን የማይችለው ከሆነ ደግሞ በምንም ብልሃት አይሆንም፤ እቃ መቀየር ነው።

መጀመሪያ የቱ ጋ እንደታመመ እዩ

ጌሙን በሙሉ ስክሪን ሳይሆን በመስኮት ክፈቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ጎን ለጎን እያያችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱ።

የሲፒዩውን (የፕሮሰሰሩን) ፍጥነት ተመልከቱ። ገበያ ላይ በብዛት ያለውን የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5-8350ዩ እንውሰድ። መነሻ ፍጥነቱ 1.7 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሲጨነቅ እስከ 3.6 ይወጣል። ሲጀምር 3 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ወደ 1.7 አካባቢ ከወረደ ችግሩ ሙቀት ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ 0.8 ወይም ከዚያ በታች ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግን ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ፍጥነቱ ደህና ሆኖ ጂፒዩው (ግራፊክሱ) 100 ፐርሰንት ላይ ከተጣበቀ፣ ግራፊክሱ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው ማለት ነው። ሜሞሪው ከ90 በላይ ከሆነ ደግሞ ራም አንሶታል።

እዚያው ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ተጽፏል። «1 ኦፍ 2» የሚል ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ቻርጀሩ ነገር

ይህን ለብቻው የማነሣው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ስላሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከራሱ ቻርጀር ጋር አይመጣም። ሻጩ ጫፉ የገጠመለትን አንዱን ይሰጣችኋል። ዴል ግን የራሱን ቻርጀር ይለያል። ሶኬቱ መሐል ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ማንነት ለላፕቶፑ ትነግራለች። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ፎርጂድ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ሲነሣ «የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰው አንብቦት ኢንተር ይጫንና ያልፋል። ከዚያ በኋላ ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም እየተጎተተ ይሠራል። ባለቤቱ ግን ራም ፍለጋ ፒያሳን ይዞራል።

ዋቱም አለ። እነዚህ ላፕቶፖች 45 ወይም 65 ዋት ቻርጀር ይዘው ይመጣሉ። ለጌም 65ቱ ይሻላል። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላውን በስልክ ቻርጀር ሰክቶ ጌም መክፈት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ባትሪው ሞቶ የወጣ ከሆነም አንዳንድ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ድንገት ብዙ ኃይል ሲያስፈልግ የሚያግዛቸው የለማ። መብራት ሄዶ በባትሪ ብቻ ስትጫወቱ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) የሚወርደውም ሆን ተብሎ ኃይል እንዲቆጠብ ስለተደረገ ነው። ላፕቶፑን አትውቀሱት።

እኛ ጋ መብራት መጥቶ ሲሄድ ስለሚዘል፣ ላፕቶፑን ካረጀ ማከፋፈያ ላይ ከምድጃና ከውሃ ማፍያ ጋር አትሰኩት። ትክክለኛ ቻርጀር በቀላሉ አይገኝም፤ ያለውን ጠብቁት።

ያለ ብር የሚሠራው

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ብላችሁ ግቡና ፓወር ሞዱን «ቤስት ፐርፎርማንስ» አድርጉት። የቢሮ ላፕቶፕ ከፋብሪካው ሲወጣ ድምፁ ዝቅ፣ ባትሪው ረዘም እንዲል ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። ስለዚህ ይህቺ አንዲት ምርጫ ከምትገምቱት በላይ ለውጥ ታመጣለች። ቲንክፓድ ላይ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ አለ። ዴል በራሱ ፕሮግራም «አልትራ ፐርፎርማንስ» የሚል ይሰጣል፤ ፋኑ ይጮሃል እንጂ ይሠራል።

ቀጥሎ ሪዞሉሽን። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ ግራፊክሱ በእያንዳንዱ ፍሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሥላል። ወደ 1280 በ720 ስታወርዱት ሥራው ከግማሽ በታች ይሆናል። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጨዋታው ግን ይፈታል። ጥላን ማጥፋትም እንደዚሁ ነው። እኔ በሁለቱ መሐል ምረጥ ብባል ጥላውን አስቀድሜ አጠፋለሁ፤ ማንም የተጫዋች ጥላ ለማየት ፔስ አይከፍትም። በነገራችን ላይ ፔስ ሲከብደው እንደ ሌላው ጌም አይቆራረጥም። ጨዋታው ራሱ ይዘገያል። ተጫዋቹም ኳሱም ሰዓቱም ቀስ ይላሉ። «ጌሙ ተበላሽቷል» ብላችሁ ደግማችሁ አትጫኑት። ግራፊክሱ አልቻለም ማለት ነው።

የግራፊክስ ድራይቨሩን ከኢንቴል ከራሱ አውርዱ። ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ገጽ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የቆየ ነው።

ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ጌም ስትጭኑ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ካላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። ከጌሙ ጋር የገባው ነገር ከበስተጀርባ ፕሮሰሰሩን ሲበላው ሊያድር ይችላል።

ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያ) ገብቶ «ቪራም» ማለትም የግራፊክስ ሜሞሪ «መጨመር» የሚባለውን እርሱት። ለጌሙ የሚነገረው ቁጥር ይቀየራል እንጂ ግራፊክሱ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። «ሜሞሪ አነሰ» ብሎ አልከፍትም ያለ ጌም ሊከፈት ይችላል፤ አንዲት ፍሬም ግን አይጨምርም።

ራም፦ ለብራችሁ ብዙ የሚመልሰው

አብዛኛው የቢሮ ላፕቶፕ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ሜሞሪውንም የሚበደረው ከራሙ ነው። አንድ ራም ብቻ ካለ ሁሉም በአንድ መንገድ ይተላለፋል። በ2400 የሚሠራ አንድ ዲዲአር4 ራም በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያሳልፋል። ሁለት ሲሆኑ 38.4 ይደርሳል። ለወርድና ለኤክሴል ልዩነቱ አይታይም። ለጌም ግን በአንዳንዱ ላይ አንድ ሦስተኛ፣ ሌላው ላይ ከዚያም በላይ ፍሬም ይጨምራል። ያውም ሴቲንግ ሳትነኩ።

ስለዚህ አንድ ባለ 16 ወይስ ሁለት ባለ 8? ለጌም ሁለት ባለ 8። ድምሩ አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ግን አይገናኝም። ሻጭ «16 ነው» ብሎ ሲመካ «በስንት ራም?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን እዩ። ቲንክፓድ ቲ480፣ ኢሊትቡክ 840 ጂ5 እና ላቲቲዩድ 7490 ሁለት ማስገቢያ አላቸው። ቲ480ኤስ እና ቲ490 አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ የሚቀየረው ሌላው ብቻ ነው። ኤክስ1 ካርቦን ሁሉም የተበየደ ስለሆነ ምንም አይጨመርበትም። እሱን ለጌም ብሎ የሚገዛ ሰው ቅጥነቱን ነው የገዛው።

ሁለተኛው ራም በፍጥነት ከፍ ያለ ቢሆን ችግር የለውም። ባለ 3200 ራም ቲ480 ላይ ሲገባ ወደ 2400 ወርዶ ይሠራል። ከድሮ ላፕቶፕ የወጣ ዲዲአር3 ግን አይገጥምም፤ ጥርሱ ራሱ ይለያል። ከእ.ኤ.አ. 2025 ማብቂያ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስለናረ፣ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ራም መፈለግ ያዋጣል። ራም በቀላሉ አያረጅም። ጥገና ቤቱ እዚያው ሰክቶ፣ ላፕቶፑ ተነሥቶ፣ ታስክ ማናጀር ላይ «2 ኦፍ 2» እስክታዩ ብር አትክፈሉ።

ጽዳትና ፔስት

በጋ ላይ የጎንደር አቧራ ምን እንደሚመስል ለጎንደሬ አይነገርም። ላፕቶፑ ውስጥም ያው ነው። ሽፋኑ ሲነሣ ፋኑ ላይ የምታዩት ብናኝ ቀላሉ ነው። ዋናው የተደበቀው ፋኑ ነፋሱን ወደ ውጭ የሚገፋበት፣ የቀጫጭን ብረቶቹ በር ላይ ነው። ፋኑ ሲነሣ እዚያ ቦታ ላይ ግራጫ፣ የተዳመጠ ጥጥ የመሰለ ነገር ተነጥፎ ይገኛል። በፒንሴት አንድ ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት አንድ ላይ ተያይዞ ይወጣል። ከውጭ በነፋስ የሚነፋ ባለሙያ ይህን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ስለዚህ «ጽዳት» ስትሉ ፋኑ ተነሥቶ መሆኑን አረጋግጡ። ሲነፋም የፋኑ ክንፍ በጣት ይያዝ፤ በኃይል ሲሽከረከር መዘውሩ ይጎዳል።

ፔስቱም አብሮ ይቀየር። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መሐል ያለው ቅባት ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ የምስር ፍሬ ያህል አዲስ ይደረግበታል። ብዙ ማድረግ ጥቅም የለውም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲግሪውን ያሳያችኋል። ከጽዳት በፊትና በኋላ እዩት።

አንድ ጎንደርን የሚመለከት ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ብርዱ ግን ይክሰናል። መተማ ወይም ሁመራ ላይ ጌም ከሚጫወት ሰው እኛ ዕድለኞች ነን። ብቻ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ ነፋስ የሚስበው በሆዱ ነው።

ጽዳት ወይስ ራም? ፍጥነቱ ሲጀምር ጥሩ ሆኖ ኋላ የሚወርድ ከሆነ ጽዳት። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚጎተት ከሆነና አንድ ራም ብቻ ካለ፣ ራም።

በአጭሩ የማልፋቸው

ኤስኤስዲ የግድ ነው፣ ግን ለሌላ ነገር። ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፣ ዊንዶውሱ ነፍስ ይዘራል። ፍሬም አይጨምርም። አሁንም በሃርድ ዲስክ የምትሠሩ ከሆነ ከጌምም በፊት ይህን አድርጉት።

ኩሊንግ ፓድ የተዘጋ ፋን አይከፍትም። ከጸዳ በኋላ ጥቂት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ጀርባውን በሁለት መጽሐፍ ከፍ ማድረግም ለዚያው ጉዳይ ይሠራል፤ በነጻ።

የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ትሮትልስቶፕ በሚባለው ፕሮግራም መቀነስ 8ኛ ትውልድ ላይ ጥሩ ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ በኋላ በወጡ የባዮስ ማሻሻያዎች ግን ብዙ ላፕቶፕ ላይ በደኅንነት ክፍተት ምክንያት ተዘግቷል። የእናንተ ካልተዘጋ ሞክሩት፤ ከተዘጋ አትታገሉት።

ውጫዊ ግራፊክስ ካርድ በተንደርቦልት ማገናኘት ይቻላል፤ ቲ480 ወደቡ አለው። ሳጥኑን፣ ካርዱንና ፓወሩን ስትደምሩት ግን ሌላ ላፕቶፕ ይወጣዋል። ለጎንደር አልመክረውም።

ግራፊክሱ ካልቻለስ?

ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም የ8ኛ ትውልዱ ፕሮሰሰር ግራፊክስ፣ ዩኤችዲ 620፣ ልኩ ይታወቃል። ፔስ 2017፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ የድሮው ካውንተር ስትራይክ፣ ቫሎራንት በዝቅተኛ ሴቲንግ ይሄዳሉ። ጂቲኤ 5 በ720 ከ30 ፍሬም አካባቢ ይንደፋደፋል፤ ለሚታገሥ ይሆናል። ካውንተር ስትራይክ 2 አያስደስትም። ሳይበርፐንክ 2077 ቢያንስ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ ስለሚጠይቅ ስሙን ባታነሡት ይሻላል።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው አዲስ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፦ 11ኛ ትውልድ፣ አይሪስ ኤክስኢ የሚባለው ግራፊክስ ያለው። ኢሊትቡክ 840 ጂ8 ወይም ላቲቲዩድ 5420 ዓይነት። ከዩኤችዲ 620 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳል። እዚህም የራሙ ነገር አለ። በአንድ ራም ብቻ ሲሠራ ዊንዶውስ «አይሪስ ኤክስኢ» ማለቱን ትቶ ተራ «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ይለዋል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ሻጭ አታሎ ሳይሆን ራሙ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ትምህርትና ጌም አንድ ላይ ለሚያስኬድ፣ ቦርሳውን ይዞ ከካምፓስ ካምፓስ ለሚዞር፣ ምርጫዬ ይኸ ነው። የኤኤምዲ ራይዘኑ ኢሊትቡክ 845 ጂ7 ከተገኘ ደግሞ አይናቅም።

ሁለተኛው ዴስክቶፕ ነው። ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ አጭሩን ጂቲኤክስ 1650 መክተት። ካርዱ 75 ዋት ስለሆነ ከቦርዱ ብቻ የሚሠራ አለ፤ የተለየ ገመድ አይፈልግም። ትንሿ ማይክሮ ሣጥን ግን ቦታ ስለሌላት አትሆንም። በፍሬም ሲለካ ለብሩ ይህን የሚያህል የለም። ችግሩ ሞኒተር ይፈልጋል፣ መብራት ሲሄድም ያላስቀመጣችሁት ጨዋታ አብሮ ይሄዳል። አዘዞም ሁኑ አራዳ፣ መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆናችሁ የዩፒኤሱን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሩት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ለመሐንዲስ የተሠራ የቢሮ ላፕቶፕ። ኤችፒ ዚቡክ 15 ጂ5፣ ቲንክፓድ ፒ52። ኳድሮ ግራፊክስ አላቸው። ፒ2000 የሚባለው ወደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይጠጋል። «ለጌም አይሆንም» የሚላችሁ ሰው ካለ ስሙን ሰምቶ ነው፤ ጌም በደንብ ያጫውታል። ይከብዳል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ቻርጀሩም 150 ዋትና ከዚያ በላይ ነው።

የቱንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ባዮስ ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀ የቀድሞው ድርጅት እንደቆለፈው ነው፤ ሻጩ ካልከፈተው ተዉት። ቀጥሎ ዊንዶውስ 11 መቀበሉን እዩ፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ቫሎራንትም ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ዚቡክ ወይም ፒ52 የምትወስዱ ደግሞ ሻጩ የሰጣችሁ ቻርጀር ላይ ያለውን ዋት አንብቡ። 65 የሚል ከሆነ ዋናውን ቻርጀር እንዲያመጣ ንገሩት፤ አለበለዚያ ዋጋውን ቀንሱ።